አራተኛው ጠርሙስ

ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ መጠጥ የሚባል ነገር በአፌ ዞሮ አያውቅም። ጠላም ቢሆን አልቀመስኩም። እንድሪስ እባላለሁ፣ የሐይቅ ልጅ ነኝ፣ ሐይቅና ደሴ መካከል ሚኒባስ እየነዳሁ ልጆቼን አሳድጋለሁ። እንዲህ ያለው ሰው ስለ ውስኪ ለማውራት ምን አገባው ካላችሁ አልፈርድባችሁም። ባለቤቴ ዘሃራም ያን ሰሞን ያለችኝ ይህንኑ ነው።

የእኛን ቤትና የጋሽ አበራን ቤት የሚለየው አንድ አጥር ብቻ ነው። አባቴ ሙሐመድና እሳቸው ባልንጀራ ነበሩ። በፋሲካ ለእኛ የሚሆነውን በግ አባቴ ራሱ ሄዶ እዚያው ያርዳል፤ በአረፋ ደግሞ ጋሽ አበራ እኛ ግቢ መጥተው የራሳቸውን ያርዳሉ። ሥጋው ለየብቻ ነው፣ ጨዋታው ግን አንድ ላይ ነው። ያደግሁት ይህን እያየሁ ነው።

ጋሽ አበራ ጡረታ የወጡ የመንገድ ቀያሽ ነበሩ። በወጣትነታቸው ከውጭ አገር መሐንዲሶች ጋር በአምባሰል ተራራ ላይ መንገድ ቀይሰዋል። መንገዱ ገደሉን ዞሮ ማዶ የወጣ ቀን አንድ ሽማግሌ ስኮትላንዳዊ መሐንዲስ ድንኳኑ ውስጥ ጠርቷቸው በቆርቆሮ ኩባያ ውስኪ ቀዳላቸው። ይህን ታሪክ መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ።

“ሲንግል ሞልት ነው የሚባለው” ይሉን ነበር። “ከገብስ ብቅል ብቻ የተሠራ ነው። ከአንድ ቤት የወጣ፣ ከሌላ ቤት መጠጥ ጋር ያልተደባለቀ። ግን እሱም ዓይነት አለው። ቀጭን አለ፣ ጭስ ጭስ የሚል አለ። ያ ሰውዬ የሰጠኝ ወፍራሙን ነው፤ ወይን በነበረበት በርሜል ውስጥ ተኝቶ ያረጀውን። አፍህ ውስጥ ስትይዘው ይከብዳል። ለመውረድ አይቸኩልም።”

ሰካራም አልነበሩም። በዓመት አንድ ጠርሙስ ነው የሚገዙት። መስከረም ላይ ግሸን ማርያም ተሳልመው ሲመለሱ ይከፍቱታል፤ ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ ማታ አንዲት መለኪያ ይዘው ወደ ሐይቁ እያዩ ይቀመጣሉ። አባቴ ሻዩን ይዞ አጠገባቸው ይቀመጣል።

እኔ በሃያዎቹ ዕድሜዬ ጅዳ ሄድኩ። ስድስት ዓመት የሠራሁት ሽቶ መደብር ነው። ዕቃ ተሸካሚ ሆኜ ገብቼ በመጨረሻ ባለቤቱ አዲስ የዑድ ዘይት በመጣ ቁጥር “እንድሪስን ጥሩልኝ” የሚል ሆነ። አፍንጫዬ እንደዚያ ያለ መሆኑን ሐይቅ ሳለሁ አላውቅም ነበር። አሳ ብቻ እያሸተቱ ማን ያውቃል።

የጅዳውን ነገር ያነሳሁት ግን ለአፍንጫዬ ብዬ አይደለም። እዚያ ሳለሁ አባቴ ሞተ። አልነገሩኝም። አገር ቤት የምደውለው በየሳምንቱ ነው፤ በደወልኩ ቁጥር “መስጂድ ሄዷል”፣ “ማሳ ወርዷል”፣ “ተኝቷል” ይሉኛል። ስጨቀጭቅ ስልኩን ለጋሽ አበራ ይሰጧቸዋል። ጋሽ አበራ በዚያ ረጋ ባለ ድምፃቸው “አብሽር እንድሪስ፣ አባትህ ደህና ነው” ይሉኛል። እሳቸው ካሉ አምናለሁ። ሰባት ወር አመንኳቸው። ለአባቴ ያሰፋሁትን ጀለቢያ በሻንጣዬ ይዤ አገሬ ስገባ ሽማግሌዎች በማለዳ ተሰብስበው መርዶውን ነገሩኝ። ወደ መቃብሩ ስሄድ ሣሩ ጉልበቴ ደርሶ ነበር።

ለእኔው ብለው እንዳደረጉት አውቃለሁ። በሰው አገር ብቻውን ሰምቶ ምን ይሆናል ብለው ነው፤ ወጋችን ነው። ቂም አልያዝኩም። ግን እነዚያ ሰባት ወራት እስከ ዛሬ ያንገበግቡኛል። ለሞተ ሰው ሰላምታ እልክ ነበር።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው፤ መስከረም ላይ ጋሽ አበራ ግሸን መውጣት አቃታቸው። ከአውቶቡሱ ወርደው ዳገቱን ጥቂት እንደሄዱ ተቀመጡና ተመለሱ። ምግብ አስጠላቸው፣ ከሱ። ልጃቸው ሰብለ፣ እዚሁ ከተማ አስተማሪ የሆነችው፣ ደሴ ወስዳ አስመረመረቻቸው። ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ለብቻዋ ጠርቶ የነገራት ከጨጓራቸው ተነስቶ ጉበታቸው ላይ የደረሰ ካንሰር እንደሆነ ነው። ጥቂት ወራት ቢቆዩ ነው አላት። እሷ ለአባቷ “ጨጓራ ነው፣ ጊዜ ይፈልጋል ብለዋል” አለቻቸው።

ለእኔ የነገረችኝ በአጥሩ በኩል ነው፣ እያለቀሰች። “ለአንተ የነገርኩህ መኪናህን ስለምፈልግ ነው እንድሪስ። ከአፍህ እንዳይወጣ። ወላሂ በለኝ።”

“ወላሂ፣ ከእኔ አይሰሙም” አልኳት። አልዋሽም፣ ያን ጊዜ ከልቤ ነበር። የጅዳው ነገር ትዝ እንኳ አላለኝም።

ጥቅምት ሊያልቅ ሲል ጋሽ አበራ ውስኪ ጠየቁ። ወር ሙሉ አጥሚት እንኳ በግድ ሲጠጡ የነበሩ ሰው “ያንን ወፍራሙን ባገኝ ደስ ይለኝ ነበር” አሉ። ሰብለ ሐኪሙ ጋ ደወለች፤ “ያሻቸውን ስጧቸው” አላት። በረረች። የመጀመሪያውን ጠርሙስ ከደሴ ገዛች። ጋሽ አበራ መለኪያዋን አፋቸው ላይ አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ጥቂት ያዙና ዋጡት። “ውሃ ነው” አሉ። ሁለተኛውን የአጎቷ ልጅ ከአዲስ አበባ ላከ። “ይህም ውሃ ነው።” ሦስተኛውን ከውጭ የመጣ ዘመድ ይዞላቸው መጣ፤ የሚያምር ሳጥን ነበረው። እሱንም ውሃ ነው አሉት። በየጊዜው የሚሉት ይህችኑ ነው፤ አይቆጡም፣ አያማርሩም፣ መለኪያዋን በቀስታ ያስቀምጧታል።

አንድ ቀን ጠዋት ሚኒባሴን ሳሞቅ ሰብለ መጣች። ዓይኗ አብጧል። “አንድ ነገር ልለምንህ ነው፤ እንደማይገባ አውቃለሁ” አለችኝ። “ዛሬ ትምህርት ቤት ፈተና አለኝ። ደሴ ጥሩ ውስኪ የሚሸጥ አንድ ሱቅ አለ አሉኝ። አባዬ የሚወደውን ከአንተ የተሻለ የሚያውቅ የለም፤ ያንን ወሬ በልጅነትህ ስትሰማው ነው ያደግኸው። ሳይሞት አንድ ጊዜ እንኳ ይጣፍጠው።”

እምቢ ማለት ነበረብኝ፤ በሃይማኖቴ መጠጡን መጠጣት ብቻ ሳይሆን መሸከሙም ሐራም ነው። እሺ አልኳት።

ዘሃራ ከበሩ ሆና ሰምታለች። “ኸምር ልትሸከም ነው?” አለችኝ።

“ለጋሽ አበራ ነው።”

“ለማንም ይሁን። ቤቴ እንዳይገባ፣ ልጆቹም እንዳያዩት።” ልትገባ ዞረችና ደግሞ “አላህ ያሽራቸው፣ እሳቸውን እንኳ እኔም እወዳቸዋለሁ” ብላ ገባች።

ደሴ ተሳፋሪ አራግፌ ሱቁን ፈለግሁት። ኮፊያዬን አድርጌ እንደገባሁ ባለሱቁ ለስላሳ ልገዛ የመጣሁ መሰለው። ነገሩን ስነግረው ሳቅ ቃጣውና ለታመመ ሰው መሆኑን ሲሰማ ተወው።

“ምን ዓይነት ነው የሚወዱት?” አለኝ።

“ሲንግል ሞልት። ወፍራም። ወይን በነበረበት በርሜል ያረጀ። አፍ ውስጥ የሚከብድ። ለመውረድ የማይቸኩል።”

ባለሱቁ ቀና ብሎ አየኝ። “ሰውዬው ያውቃሉ” አለ። ከመደርደሪያው ሦስት ለቅምሻ የተከፈቱ ጠርሙሶች አውርዶ ከእያንዳንዱ ጥቂት ጥቂት በብርጭቆ ቀዳ። እንደማልቀምስ ነገርኩት። “እንግዲያው አሽትትና ምረጥ፤ ግማሹ ሥራ የአፍንጫ ነው” አለኝ።

የመጀመሪያውን አሸተትኩ። አበባና ሎሚ ነገር ነው፣ ወዲያው ይጠፋል። ሁለተኛው ጭስ ነው፣ የተቃጠለ እንጨት ላይ ውሃ የተደፋበት ይመስላል። ሦስተኛውን ሳሸት ግን ጅዳ ትዝ አለኝ። ደረቅ ቴምር፣ ጠቆር ያለ ማር፣ ያረጀ ሳጥን ሲከፈት የሚወጣው የእንጨት ጠረን። አንዱ ሲሄድ ሌላው ከሥሩ ይመጣል። ብርጭቆውን ካራቅሁት በኋላም አፍንጫዬ ላይ ቆየ። ጋሽ አበራ ዕድሜ ልካቸውን ሲነግሩን የኖሩት ነገር በአፍንጫዬ ገባኝ። “ይህ ነው” አልኩት። ከዚያው ዓይነት ያልተከፈተውን በጋዜጣ ጠቀለለልኝ፤ ከኋላ ወንበር ሥር አስቀምጬ ወደ ሐይቅ ተመለስኩ።

ስደርስ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ጋሽ አበራ በረንዳቸው ላይ ጋቢ ለብሰው፣ ፊታቸውን ወደ ሐይቁ አድርገው ተቀምጠዋል። ሰብለ ከትምህርት ቤት ተመልሳለች። ጠርሙሱን ከፍታ ቀዳችላቸው።  እኔም ከእሷ ባላነሰ ጓጉቻለሁ፤ የመረጥኩት እኔ ስለሆንኩ መሰለኝ።

አፋቸው ላይ አደረጉት። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከሌላው ጊዜ ረዘም አድርገው ያዙት። ዋጡት።

“ይህም ውሃ ነው” አሉ።

ሰብለ ፊቷን አዞረች። እሳቸው አይተዋታል። “ሰብልዬ፣ እስቲ አጥሚቴን አሙቂልኝ” አሏት። ከገባች በኋላ እሷ የነበረችበትን ወንበር በእጃቸው አሳዩኝና “ተቀመጥ” አሉኝ።

“እንድሪስ፣ ይህች ልጅ ከወጤ ላይ በርበሬ አጥፍታለች። ቡና ከልክላኛለች። ለምን ስላት ጨጓራ ነው ትለኛለች። እሺ አልኩ። ከዚያ ልፈትናት ብዬ ውስኪ ጠየቅሁ። ጨጓራ ላለበት ሰው ውስኪ! ተቆጥታ እምቢ ትለኛለች ብዬ ነበር። ምነው እምቢ ባለችኝ። ሦስት ጠርሙስ አመጣችልኝ። አንተ ደግሞ፣ የሙሐመድ ልጅ፣ አራተኛውን ተሸክመህልኝ መጣህ። ሰው እንዲህ የሚታዘዝለት መቼ ነው?”

ልነሳ ስል ክንዴን ያዙኝ። 

“አትቸኩል። አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቅህ።” መለኪያዋን ወደ እኔ ገፋ አደረጓት። “አትቀምስም፣ አውቃለሁ። አሽትተህ ንገረኝ። ይህ ነገር ውሃ ነው ወይስ አይደለም?”

አንባቢዎቼ፣ በዚያች ሰዓት በውስጤ ያለፈውን ሁሉ ልጽፍ አልችልም። “እኔ የመጠጥ ነገር ምን አውቃለሁ ጋሼ” ብል ያልፋል። “አዎ፣ ቀጭን ነው፣ አታለሉኝ” ብልም ያልፋል፤ ሰብለ አምስተኛ ጠርሙስ ታፈላልጋለች፣ ከዚያም ስድስተኛ፣ እስኪሞቱ ድረስ። በአላህ ስም ምያለሁ። የማልኩላት ልጅ ከግድግዳው ጀርባ እሳት ላይ ድስት ጥዳለች፤ ማንኪያዋ ሲንቀሳቀስ ይሰማኛል።

ጋሽ አበራ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። “እኔ ሰባት ወር ዋሽቼሃለሁ። ስልኩን ይዤ አብሽር፣ አባትህ ደህና ነው ስልህ አፈሩ ገና አልደረቀም ነበር። ስትመጣ ያ ጀለቢያ ከሻንጣህ ሲወጣ አየሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይቅርታ ልጠይቅህ እየፈለግሁ አፍራለሁ። አሁን ይቅር በለኝ። ግን አንተ መልሰህ በእኔ ላይ አታድርገው።”

መለኪያዋን አነሳሁ። አሸተትኩ። ያው ነው፣ ያው ቴምር፣ ያው ማር።

“ውሃ አይደለም ጋሼ” አልኳቸው።  “ወፍራም ነው። ያንን የሚሉትን ነው ያመጣሁልዎ።”

“እንግዲያው ምላሴ ነው።”

“ምላስዎ ብቻ አይደለም።”

ራሳቸውን ነቀነቁ። ሐይቁ ላይ አንድ ጀልባ ወደ ዳር እየቀረበች ነበር፤ እስክትደርስ ድረስ አዩዋት። ከዚያ “ስንት ጊዜ አለኝ?” አሉ። ሐኪሙ ጥቂት ወራት እንዳለ ነገርኳቸው። የበሽታውንም ስም ነገርኳቸው። እንባዬ ይወርድ ነበር፣ የእሳቸው አልወረደም።

ጋቢያቸውን ሰብስበው መለኪያዋን አነሷትና “በል አሁን ቀስ ብለህ ንገረኝ” አሉ። “ምን ምን ይሸታል?”

ጠርሙሱን ወደ አፍንጫዬ አቀረብኩ። ጅዳ ለደንበኛ እንደማስረዳው አንድ በአንድ ነገርኳቸው። መጀመሪያ ደረቅ ቴምር እንደሚመጣ፣ ቀጥሎ ጠቆር ያለው የቆላ ማር፣ ከሥር ያረጀ እንጨት፣ ወደ መጨረሻው ደግሞ እሳት ላይ የተቆላ ብቅል። እኔ ስናገር እሳቸው አፋቸው ውስጥ ይዘውታል። ዓይናቸው ተጨፍኗል። ስጨርስ ዋጡት።

“እሱ ነው” አሉ። “አገኘኸው። ያ ሰውዬ ድንኳን ውስጥ የሰጠኝ እሱ ነው።”

ሰብለ አጥሚቱን ይዛ ስትወጣ ሁለታችንን አየችና በሩ ላይ ቆመች። ማንም ሳይነግራት ገባት። አባቷ “ነይ ልጄ፣ ተቀመጪ። ከእንግዲህ ብቻሽን አትሸከሚውም” አሏት። ስኒውን መሬት ላይ አስቀምጣ እግራቸው ሥር ተደፋች። እኔ ተነሳሁ። የግቢው በር ድረስ ተከትላኝ መጣችና አንድ ቃል ብቻ ተናገረችኝ፤ “ገደልከው።”

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ አሳምሬ ልነግራችሁ አልችልም። ጋሽ አበራ ሳምንት ያህል እንቅልፍ አጥተዋል፤ ሲያለቅሱ በአጥሩ በኩል ሰምቻቸዋለሁ። ያንን ስሰማ ምነው ምላሴን በቆረጠው ብዬ ነበር። ከሳምንቱ በኋላ የንስሐ አባታቸውን አስጠሩ። ቆረቡ። ለዓመታት ያኮረፉትን ታናሽ ወንድማቸውን አስጠርተው ታረቁ። አንድ ቀን ጠዋት ደግሞ በሚኒባሴ አምባሰል ድረስ ወሰድኳቸው፤ አንዱ ጠምዛዛ ላይ አስቁመውኝ በመስኮት ገደሉን ሲያዩ ቆዩና “የመጀመሪያውን ካስማ የተከልኩት እዚህ ነው” አሉኝ። ከጠርሙሱ የጎደለው ሦስት መለኪያ ብቻ ነው። ሦስቱንም ጊዜ እኔ እየነገርኳቸው ነው የጠጡት። በታኅሣሥ ወር አረፉ።

እኔም ስለ ሰበርኩት መሐላ ኡስታዙን ጠይቄ ማካካሻ እንዲሆን አሥር ሚስኪን አበላሁ። ስለ ጠርሙሱ ግን አልጠየቅኋቸውም፤ መልሱን አውቀዋለሁ።

ሰብለ አላነጋገረችኝም። መንገድ ላይ ስንገናኝ ራሷን ነቅነቅ አድርጋ ታልፋለች። ዓመታት አለፉ። አልፈርድባትም፤ እሷ ለአባቷ ተስፋ ልታቆይላቸው ነው የደከመችው፣ እኔ ባንድ ከሰዓት ወሰድኩባት። እስከ ዛሬ ትክክል ነበርኩ ብዬ ደረቴን ነፍቼ አልናገርም። እናንተም ቤት የተኛ ሰው ይኖር ይሆናል። ንገሩት ወይም ደብቁት ለማለት እኔ ማን ነኝ። ግን ሲጠይቅ ስሙት። ምግብ አልጣፈጠኝም ሲል፣ መድኃኒቱ አልሠራም ሲል፣ ምናልባት የሚጠይቀው ስለ ምግቡ ላይሆን ይችላል።

ባለፈው ዓመት እናቴ ሞተች። ቀብረን ተመልሰን ቤቱ በሰው ተሞልቶ ሳለ ስልኬ ጠራ። ታናሽ ወንድሜ ከማል ነው፣ ከሪያድ። “እማ ሁለት ቀን ስልኳ አይነሳም፣ ደህና ናት?” አለኝ። ድምፁ በክፍሉ ተሰማ።  አንድ ሽማግሌ በእጃቸው ምልክት ሰጡኝ፤ ጎረቤት ሄዳለች በለው ማለታቸው ነው። ሌላውም ራሱን ነቅንቆ ደገፋቸው። እኔ አፌን ከፈትኩና ቃሉ እዚያው አፌ ላይ ቆመ፤ አብሽር ልለው ነበር።

ሰብለ ከሴቶቹ መካከል፣ ከበሩ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ቀና ብላ አየችኝ። ለአባቷ ከነገርኩበት ቀን ጀምሮ ፊት ለፊት አይታኝ አታውቅም ነበር።

“ንገረው እንድሪስ” አለችኝ።

“ከማል፣ አጠገብህ ሰው አለ?” አልኩት። አብሮት የሚሠራ የሐርቡ ልጅ እንዳለ ነገረኝ። “ጥራው፣ አጠገብህ ይሁን። አንተም ቁጭ በል” አልኩት። ወንበር ሲስብ ሰማሁ። ከዚያ ነገርኩት።